የኪኒን ዕጣ

ከባለቤቴ ከእንድሪስ ጋር በመጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ አንሶላ ማጠፍ ነው።

ጠዋት ነበር። አንሶላው በረንዳው ላይ አድሮ ደርቋል። እሱ ሁለቱን ጫፎች ይዞ በሩ አጠገብ ቆመ፤ እኔ ሁለቱን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ስንወጥረው ነጩ ጨርቅ በመካከላችን ብርሃን ሞላበትና ትንሽ እንደ መንሳፈፍ አለ።

"ያዝ እንጂ" አልኩት።

"እኔ ይዣለሁ፤ የለቀቅሽው አንቺ ነሽ።"

ቀስ ብሎ ወደ እኔ ተራመደ። ጫፎቹን ሲያቀብለኝ ጣቶቻችን ተነካኩ። ከዚያ ሐኪሞቹ እንዳስተማሩት ወገቡን ሳያጎብጥ በጉልበቱ ዝቅ ብሎ የታችኛውን እጥፋት አነሣ። እንደዚያ ዝቅ ሲል ካየሁት ረጅም ጊዜ ሆኖኝ ነበር። አንሶላውን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ማለዳ እንድሪስ ሞተ።

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። አንዳንድ ቀን አንድ መስመር ጽፌ መስኮቱ ጋ እቀመጣለሁ። የምታነቡኝ ሰዎች ታገሡኝ፤ ነገሩ እንደ ሕልም እየራቀ ይሄድብኛል፤ ሳልሰስት ልናገረው ስለምፈልግ ነው የምዘገየው።

ነገሩ ሲጀምር እኔ ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም ነበር። እንድሪስ ከላምበረት መናኸሪያ ደሴ የሕዝብ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ሁለታችንም የወሎ ልጆች ነን። የምንኖረው አያት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ በዕጣ የወጣልን ነው። ያኔ እኔ ደረጃውን ፈርቼ መሬት ቤት ከደረሰው ሰው ጋር እንለዋወጥ ብዬ ለምኜው ነበር። እንድሪስ እምቢ አለ። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መሬት መሬት ሳይ ነው የኖርኩት። ከላይ ሆነን አውሮፕላን እናያለን" አለኝ።

አንድ ቀን ማታ ከሥራ ሲመለስ የአውቶቡሱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

"ዘይኑ" አለኝ፤ ስሜ ዘይነባ ነው፣ እሱ ግን እንዲህ ነበር የሚጠራኝ። "ዛሬ እግሬ ፍሬኑ ላይ መሆኑን ያወቅሁት ጎንበስ ብዬ በዓይኔ አይቼ ነው።"

ወገቡን ለዓመታት ሲያመው ኖሯል። ቀኝ እግሩ ግን መደንዘዝ የጀመረው በቅርቡ ነበር። በማግስቱ ቁልፉን መለሰ። ያ ሁሉ ሰው ከኋላው ተቀምጦ እንደዚያ ሊነዳ አልቻለም። ሐኪሞቹ የወገቡ አጥንት ነርቩን ተጭኖታል፣ ካልተከፈተለት እግሩ ጨርሶ ይከዳዋል አሉ። ስለዚህ በቦሌ በኩል ያለ አንድ ሆስፒታል ገባን።

ክፍሉ ሁለት አልጋ ነበረው። መስኮቱ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስለሚያይ አውሮፕላኖቹ ዝቅ ብለው በመስታወቱ ላይ ቀስ ብለው ያልፋሉ፤ ድምፃቸው የሚመጣው ከእነሱ በኋላ ነው። ሌላኛው አልጋ ላይ የተኛው ጋሽ ማርቆስ የሚባል የኢንሹራንስ ቤት ሠራተኛ ነው። እሱም ወገቡን ሊቀደድ ነው የገባው። ሚስቱ ታደለች የሆሳዕና ሰው ናት። መጽሐፍ ቅዱሷን ደረቷ ላይ አቅፋ ትቀመጣለች፤ ዓይኖቿ ግን ሁሉን ያያሉ።

ቀዶ ጥገናው ነገ ሊሆን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዶክተር ሰላማዊት መጡ። ማደንዘዣ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ወጣት ናቸው፤ ቆመው አያናግሩም፤ ወንበር ስበው አልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ።

"ጋሽ እንድሪስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። እምቢ ማለት ይችላሉ።"

"ሳልሰማ እምቢ አልልም" አለ እንድሪስ።

"ነገ ከቀዶ ጥገናው በፊት የሕመም ማስታገሻ እንሰጥዎታለን። አስቀድመን የምንሰጠው በኋላ የሚመጣውን ሕመም እንዲያቀልልዎትና ቶሎ ተነሥተው እንዲራመዱ ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ግን በአፍ የሚዋጥ ኪኒን አለ፣ በደም ሥር የሚገባ አለ። በደም ሥር የሚገባው ብዙ ጊዜ ገበያ ላይ ይጠፋል። ኪኒኑ የትም አለ። ኪኒኑ እኩል የሚሠራ ከሆነ በየገጠሩ ላለ ሕመምተኛ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ፈቃደኛ የሆኑትን በዕጣ እየለየን፣ ለአንዱ በአፍ ለአንዱ በደም ሥር እየሰጠን እናወዳድራለን።"

እንድሪስ ፈገግ አለ። "የኮንዶሚኒየም ዕጣ አውቃለሁ። የዕቁብ ዕጣ አውቃለሁ። የኪኒን ዕጣ ግን ዛሬ ገና ሰማሁ።"

ተስማማ፤ ፈረመ። ጋሽ ማርቆስም ተስማማ። ትንሽ ቆይታ ነርሷ መጥታ ነገረችን፦ ለእንድሪስ ኪኒን፣ ለጋሽ ማርቆስ በደም ሥር።

በእኛ ዘንድ መድኃኒት ማለት መርፌ ነው። እናቴ ጤና ጣቢያ ሄዳ ኪኒን ብቻ ይዛ ከተመለሰች "ምንም ሳያደርጉ ሰደዱኝ" ነበር የምትለው። እኔ ስንት ዓመት ተማሪ ፊት የቆምኩ ሰው ነኝ፤ ግን ያን ቀን እናቴ ውስጤ ተነሥታ ተናገረች። ያንን ትልቅ ቢላ፣ ያንን ሁሉ ሕመም፣ በአንድ ፍሬ ኪኒን ሊችለው ነው?

ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ታደለችም ተከትላኝ ወጣች።

"ምነው፣ ፊትዎ ተለወጠ?"

"ኪኒን ደረሰው" አልኳት፤ ሞት እንደሚያረዳ ሰው።

"ውይ፣ ምነው ለእኔ ባል በደረሰ! የእኔ ሰውዬ መርፌ ሲያይ ራሱን ይስታል። ለደም ምርመራ ሲወጉት እኔ ነበርኩ እጁን የያዝኩት። ይህን የሚያህል ሰውዬ!"

ሳቅሁ። ከዚያ ተያየን። ሁለታችንም ልብ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ ያለው በአንድ ጊዜ ይመስለኛል።

"ዕቁብ ትጥያለሽ?" አለችኝ፤ እዚያው ላይ አንቺ መባባል ጀመርን።

"ሠፈር ውስጥ አለኝ።"

"ታዲያ ልጅ የምትድር፣ ቤት የምታድስ ስትኖር የወጣላት ሰው ትለቅላት የለ?"

"ትለቅላታለች።"

"በቃ እኮ!"

ዶክተር ሰላማዊትን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሲጽፉ አገኘናቸው። ታደለች ቀድማ ተናገረች። "ዶክተር፣ አናስቸግርዎት፤ እኛው ተስማምተናል። ተለዋውጠናል።"

"ምን ተለዋወጣችሁ?"

"ዕጣውን ነዋ! የእሷ ባል መርፌውን ይውሰድ፣ የእኔው ኪኒኑን። ማንም አልተጣላም።"

ዶክተሯ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቃቸው ሲበርድ ግን አልተቆጡንም፤ ባሎቻችንም እንዲሰሙ ብለው ይዘውን ወደ ክፍሉ ገቡ፣ ወንበራቸውን ሳቡ።

"እማማ ዘይነባ፣ ዕቁብ ላይ ዕጣ የሚለወጠው ማን የበለጠ እንደሚያስፈልገው ስለሚታወቅ ነው። አይደለም?"

"ነው።"

"እኔ ደግሞ የትኛው እንደሚሻል አላውቅም። ስለማላውቅ ነው በዕጣ ያደረግሁት። መርፌ የሚፈራው ሁሉ ኪኒኑን ከወሰደ፣ ኪኒን የሚንቀው ሁሉ መርፌውን ከወሰደ፣ በመጨረሻ የማየው የመድኃኒቱን ሥራ ይሆናል ወይስ የሰዎቹን ፍርሃት?"

ጋሽ ማርቆስ ከትራሱ ቀና አለ። "የእኔ ፍርሃት እንኳ ብቻውን አንድ ጥናት ይወጣዋል።"

"ጋሽ ማርቆስ፣ ማደንዘዣውም እኮ በደም ሥር ነው የሚገባው። ኪኒን ቢደርስዎትም መርፌው አይቀርልዎትም።"

"እንግዲያውስ ምን ያጨቃጭቀናል!" ብሎ ተመልሶ ተኛ። ታደለች ትከሻውን መታ አደረገችው።

ዶክተር ሰላማዊት ወደ እኔ ዞሩ። "መለዋወጥ አይቻልም። መውጣት ግን ይቻላል። አሁን 'ይቅርብን' ካላችሁ ማንም አይቀየማችሁም፤ ነገ መድኃኒቱ እንደ ልማዳችን በደም ሥር ይሰጣቸዋል። ለማሰቡ ዛሬ ጊዜ አላችሁ።"

እንግዲህ የፈለግሁት እጄ ላይ ወደቀ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃኝ። እንድሪስን አየሁት። ከኋላው ባለው መስኮት አንድ አውሮፕላን ያለ ድምፅ ይወርድ ነበር።

"ዘይኑ" አለኝ፤ "ዶክተሯን ሰማሻት? አላውቅም አለች። እኔ ስንት ሐኪም ጋ ሄጃለሁ፤ የማያውቅ አንድም አልገጠመኝም። እግሬ ግን ያው ነው። እቺ ስለማታውቅ እየፈለገች ነው።"

"እግርህ እኮ ነው እንድሪስ፤ የሰው አይደለም።"

"አብሽሪ። ላምበረት ላይ ሁሉም ሰው የፊት ወንበር ካልሆነ እያለ ያንቀኝ ነበር። ወንበር ሲመርጥ ያረፍዳል እንጂ ደሴ ሁሉም እኩል ነው የሚገባው። የደረሰኝ ላይ እቀመጣለሁ።"

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ኪኒኑን በትንሽ ብልቃጥ ይዛ መጣች። እንድሪስ ከማታ ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሰም፤ "ረመዳን ያስለመደኝ ነው" እያለ ይቀልድ ነበር።

"ውሃ በጣም ትንሽ፤ መዋጫ ብቻ" አለች ነርሷ።

ቦርሳዬ ውስጥ እህቱ ከሐጅ ያመጣችልን የመካ ዘምዘም ውሃ ነበር፤ ገና ያልተከፈተ። ነርሷን ጠየቅኋት። ዕቃውን አገላብጣ አየችና "ውሃ ውሃ ነው፤ በክዳኑ ብቻ ይስጡት" አለችኝ። ክዳኑን ሞላሁት። እንድሪስ እጄን ከሥር በእጁ ደገፈው። "ቢስሚላህ" ብሎ ኪኒኑን ዋጠ። ጢሙ ላይ የቀረችውን ጠብታ በአውራ ጣቴ ጠረግኋት።

በዚያው ሰዓት ጋሽ ማርቆስን እየገፉ ወሰዱት፤ የእሱ መድኃኒት የሚሰጠው ቀዶ ጥገናው ክፍል ውስጥ ነው። ታደለች መጽሐፏን ታቅፋ የተዘጋ በር ፊት ቀረች። ኪኒኑ በመድረሱ ያገኘሁት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። በደም ሥር ቢሆን ኖሮ እኔም በር ፊት ነበርኩ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ግቢው ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ፀሐዩ ለስላሳ ነበር፤ አውሮፕላኖቹ አንዱ ሲሄድ አንዱ ይመጣል፤ ጥላቸው ሣሩን ዳብሶ ያልፋል። ታደለች በሹክሹክታ ትጸልያለች፤ እኔ በልቤ ዱዓ አደርጋለሁ። ሁለቱ ድምፆች ተደባለቁብኝና ዓይኔ ከበደ።

በደሴ መንገድ ጣርማ በር ላይ ነበርን። ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል። አውቶቡሱ ድምፅ የለውም፤ እንደ ጀልባ ይንሸራተታል። እንድሪስ መሪውን ይዞ ቀኝ እግሩን ብቻ ያያል። "ወደ መንገዱ እይ እንጂ!" አልኩት። "እግሬ ያውቀዋል" አለኝ ሳይዞር። ከመስኮቱ ውጭ ነጭ ብቻ ነበር። አልፈራሁም። እንዲያውም ጉዞው ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ።

"ዘይነባ! ዘይነባ ተነሺ፣ ወጡ!" ታደለች ትከሻዬን ትነቀንቃለች። "ሁለቱም ደኅና ወጡ!"

እንድሪስ ሲነቃ መጀመሪያ ከንፈሩን አረጠበ፤ ከዚያ ፊቱን አኮሳተረ።

"ምን ሆንክ? አመመህ?"

"ብርድ ልብሱ።"

"ምን ሆነ?"

"ይኮሰኩሳል። ቀኝ እግሬን ኮሰኮሰኝ።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ያ እግር ፍሬን እንኳ አያውቅም ነበር፤ አሁን የብርድ ልብስ ሻካራነት አወቀ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት ባሰብኩ ቁጥር ብርሃን ብቻ ነው የሚታየኝ። ነርሶቹ እየመጡ ሕመሙ ምን ያህል እንደሆነ ይጠይቋቸዋል። ሁለቱ ሰዎች ማን ቀድሞ እስከ መስኮቱ እንደሚራመድ ይፎካከራሉ።

"ተነሣ እንጂ አንተ መርፌ! ያን ሁሉ በደም ሥርህ ጠጥተህ ትተኛለህ?" ይላል እንድሪስ።

"አንተ ኪኒን፣ ቀስ በል፣ እንዳትሰበር" ይላል ጋሽ ማርቆስ።

እኔ በበኩሌ በመካከላቸው ልዩነት ፈልጌ አጣሁ። ከሆስፒታሉ ስንወጣ ታደለች ስልክ ቁጥሬን ወሰደች። ወደ አያት ተመለስን። እንድሪስ አራተኛ ፎቅ ድረስ እያረፈ በእግሩ ወጣ። የሚራመደው፣ የሚበላው፣ የሚቀልደው ያው የድሮው ሰው ሆነ። ከዚያ ያ የአንሶላ ጠዋት መጣ።

በማግስቱ የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰገደ። ሲጨርስ "ዘይኑ፣ ትንፋሽ አጠረኝ" አለ። ጎረቤቶቻችን መኪና አስነሡ። ሆስፒታል ሳንደርስ፣ እጁ እጄ ውስጥ እያለ ሄደ።

ለቅሶው ላይ ዶክተር ሰላማዊት መጡ። ጥቁር ነጠላ ለብሰው ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ከሴቶቹ መካከል ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ታደለችም ነበረች። ጋሽ ማርቆስ ደረጃውን መውጣት አቅቶት ታች ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጧል። የእንድሪስ ታላቅ ወንድም ጋሼ ሰይድ ከኮምቦልቻ መጥቶ ነበር፤ ሐኪሟ መጣች ሲሉት ከታች ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

"እርስዎ ነዎት ዕጣ የጣሉበት?" አላቸው። "ታች ለተቀመጠው መርፌ፣ ለእኔ ወንድም ኪኒን! ያኛው እዚያ ቁጭ ብሏል፤ የእኔ ወንድም የት አለ?"

ዶክተሯ ተነሥተው ቆሙ።

"እግር ውስጥ የረጋ ደም ተነሥቶ ሳንባቸውን ዘግቶታል። ከትልቅ ቀዶ ጥገና በኋላ ይህ ያጋጥማል። እንዳይመጣ ማድረግ ያለብንን አድርገን ነበር፤ መጣ። የሕመም ማስታገሻው በአፍ መሰጠቱ ለዚህ ምክንያት ይሆናል የሚያሰኝ ምንም ነገር አላውቅም።"

"አላውቅም!" አለ ጋሼ ሰይድ። "አሁንም አላውቅም!"

"አዎ አባቴ። ከማውቀው በላይ ተናግሬ ላጽናናችሁ አልችልም። ጉዳዩን ግን ከእኔ ሌላ ሐኪሞች እንዲመረምሩት ሰጥቻለሁ፤ የሚሉትን እነግራችኋለሁ።"

"እንግዲያው ወንድሜን ከዚያ ነገር ውስጥ አውጡት። መሞከሪያ አይደለም!"

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። "ከፈለጉ ስለ እሳቸው የያዝነውን ሁሉ እንተወዋለን። ውሳኔው የእርስዎ ነው። ዛሬውኑ መልስ መስጠት የለብዎትም።"

ሁሉም አየኝ። እኔ የታየኝ ግን ብርድ ልብሱ ነው። እስከ መስኮቱ የተራመደበት ጠዋት ታየኝ፤ "ተነሣ አንተ መርፌ" ሲል ታየኝ። እንድሪስ ከዚያ ከወጣ እነዚያ ቀናትም አብረውት የሚወጡ መሰለኝ፤ እግሩ እንዳልዳነ፣ ያችን ኪኒን እኔ በሰጠሁት ውሃ እንዳልዋጠ ሁሉ።

"ይቆይ" አልኩ።

"ዘይነባ!" አለ ጋሼ ሰይድ።

"ጋሼ፣ እሱ በሕይወቱ እያለ ዕጣዬን አልለውጥም ብሏል። ለመለወጥ የሮጥኩት እኔ ነበርኩ። ሞተ ብዬ አሁን አልለውጥበትም።"

ጋሼ ሰይድ በሩን ተደገፈ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። "እግሩ... እግሩ ግን ድኖለት ነበር?"

"ብርድ ልብሱ ኮሰኮሰኝ ብሎ ተቆጥቶ ነበር" አልኩት።

ነጠላውን ፊቱ ላይ አደረገና እዚያው በሩ ሥር ቁጭ አለ። ታደለች ውሃ ወሰደችለት።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ይህ ነገር ምን እንደለወጠብኝ ብትጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው። ከዚያ በፊት አንድ ቦታ ሁሉን የሚያውቅ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር፤ መዳናችን እሱ ጋ ቀድሞ የመድረስ ጉዳይ ነው ብዬ አምን ነበር። ለዚያ ነው ኮሪደር ለኮሪደር የሮጥኩት። አሁን እንደዚያ አላስብም። ሌሎቹ ሐኪሞች ጉዳዩን መርምረው ዶክተሯ የነገሩንን ደገሙልን። ማወዳደሩ ግን ገና አላለቀም፤ ኪኒኑ እኩል ይሁን፣ ያንስ፣ ይብለጥ አላውቅም። ሌሊት ስነቃ "በደም ሥር ቢሆንስ?" የሚለው ጥያቄ አንዳንዴ ይመጣል። አላባርረውም። አጠገቤ ይቀመጣል፤ ከዚያ ያ ክዳን፣ ጢሙ ላይ የቀረችው ጠብታ ይመጡና አብረውት ይቀመጣሉ። እናንተም ሐኪም አላውቅም ሲላችሁ ወዲያው አትሽሹ። ምን እያደረገ እንደሆነ ጠይቁት። እየፈለገ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። እምቢ ማለትም መብታችሁ ነው፤ እኛም ተነግሮን ነበር።

ለባሌ ሐዘን ዒዳ በተቀመጥኩበት ጊዜ፣ ከቤት በማልወጣባቸው በእነዚያ ወራት፣ ታደለች እየመጣች ትጠይቀኝ ነበር። አንድ ቀን በረንዳው ላይ የተሰጣውን አንሶላ ብቻዬን ላጥፍ ስታገል ደረሰች። ወለሉን እየጠረግሁበት ነበር። ቦርሳዋን አስቀምጣ ሁለቱን ጫፎች አነሣችና ወደ በሩ ሄዳ ቆመች። ወጠርነው፤ ያ ብርሃን እንደገና ሞላበት።

ዒዳዬ አልቋል። ታደለች ግን አሁንም ትመጣለች፤ አንዳንዴ ጋሽ ማርቆስም ደረጃውን እየቆጠረ ይከተላታል። እኔ እዚያው አራተኛ ፎቅ ነኝ። አንሶላ የማጥበው ታደለች በምትመጣበት ቀን ነው።